እጁን ወደ ላይ ስላነሣው ሎሪስ



ባለፈው ጊዜ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ የጦጣና የዝንጀሮ ወገን ስለሆነ፣ ነገር ግን አብዛኞቻችን አይተነው ስለማናውቅ አንድ ትንሽ እንስሳ አጫውታችኋለሁ። ስሙ ሎሪስ ይባላል። ሎ - ሪ - ስ። ሦስት ፊደል ነው። እስቲ በደብተራችሁ ጻፉት።

ሎሪስ በአገራችን የለም። የሚኖረው በእስያ ነው። በእስያ ኢንዶኔዥያ የምትባል አገር አለች። ከደሴቶቿ አንዷ ጃቫ ትባላለች። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት መሬት ናት፤ የጣናን ደሴቶች አስቡ። ሎሪስ ብዙ ዓይነት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የጃቫው ሎሪስ ግን ከዚያች ደሴት በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም።

ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ዓይኖቹ ትልልቅና ክብ ናቸው። ቀን ቀን እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሲመሽ ይነሣል። በአገራችንም ጋላጎ የሚባል የሌሊት ዘመድ አለው፤ ጋላጎ ግን ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ሎሪስ አይዘልም። ቅርንጫፉን ጨብጦ፣ እጁንና እግሩን በየተራ እያነሣ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የአገሩ ሰዎች «ማሉ ማሉ» ይሉታል፤ ዓይን አፋር እንደማለት ነው።

ምግቡ ነፍሳት፣ ከአበባ የሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽና የዛፍ ሙጫ ነው። ሙጫውን የሚያወጣው የዛፉን ልጥ በጥርሱ እየፋቀ ነው። ይህን ጥርሱን አትርሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ፊልም በኢንተርኔት ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ሰው ቤት የሚኖር አንድ ሎሪስ ነው፤ የሌላ አገር ዓይነት ነው። ሰውየው ብብቱን ይኮረኩረዋል። ሎሪሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ዝም ይላል። በመምህራን ማሠልጠኛችን አንድ ሠልጣኝ ይህንኑ በስልኩ አሳየኝ። «የኔታ፣ እዩት! ደግመህ ኮርኩረኝ እያለ ነው» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ኋላ ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሎሪስ በክንዱ ውስጠኛ በኩል፣ ክርኑ አጠገብ፣ ዕጢ አለው። ከዕጢው ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ሲፈራ እጁን ወደ ላይ ያነሣና ፈሳሹን ይልሳል። ፈሳሹ ከምራቁ ጋር ሲቀላቀል መርዝ ይሆናል። ከዚያ ይነክሳል። በዚህ ንክሻ ሰው ራሱን ስቶ የወደቀበት፣ ለሞትም የተቃረበበት ጊዜ አለ። እንግዲህ እኛ የሳቅንበት እጅ የፈራ ፍጡር እጅ ነበር።

ፊልሙን ያየ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለውን ከየት ልግዛ?» ብሎ ጠየቀ። ሻጭ ደግሞ አይጠፋም። ሻጩ ንክሻውን ያውቃልና የሎሪሱን የፊት ጥርሶች በጥፍር መቁረጫ ይቆርጣል። ያለ ማደንዘዣ! ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። የተረፈው ቢገኝ እንኳ ወደ ጫካ መመለስ አይችልም። ለምን? ጥርስ ከሌለው ልጥ አይፍቅም፤ ልጥ ካልፋቀ ሙጫ የለም።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ኢንዶኔዥያ በ1990 ያወጣችው ሕግ ጥበቃ የሚደረግለትን እንስሳ የያዘና የሸጠ እስከ 5 ዓመት ይታሰር ይል ነበር። በ2007 ደግሞ የዓለም አገሮች በሎሪስ ከአገር አገር መነገድን ከለከሉ። ይሁን እንጂ እናት ሎሪስ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ነጋዴ በአንድ ሌሊት የሚለቅመውን ደኑ በዓመት አይተካውም። ዛሬ የጃቫው ሎሪስ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተራ ተመዝግቧል።

በምዕራብ ጃቫ ቺፓጋንቲ የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። አና ኔካሪስ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እዚያ ለዓመታት ሎሪስን ሌሊት ሌሊት ተከታትለዋል። የሚከታተሉት በጥቅጥቅ ደን ውስጥ አይደለም፤ በማሳና በቡና መካከል ባሉት ዛፎች ላይ ነው። በዛፎቹ መካከል ክፍተት ካለ ሎሪሱ ይቸገራል፤ አይዘልምና። መሬት ከወረደ ደግሞ ውሻ ያገኘዋል።

ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው ውሃ የሚወስዱት ከዛፍ ወደ ዛፍ በተዘረጋ ጎማ ነው። እኛ ውሃ የምናጠጣበትን ዓይነት ጎማ አስቡ። ሎሪሶቹ በዚህ ጎማ ላይ መሻገር ጀመሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያዩ ሌላም ጎማ ጨምረው ዘረጉ። ሌሊት የሚያነሣ ካሜራም አጠገቡ አሠሩ። ሎሪሱ በአራት እጅና እግሩ ጨብጦ፣ ቀስ እያለ፣ ከላይ ሲያልፍ ታየ። በጎማው ውስጥ ውሃው ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዳል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጋላጎ እንነጋገራለን።