ምስጢሩም ይጠበቅ፣ ደረሰኙም ይቆይ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ያለፈውን ሩብ ዓመት ሒሳብ ስንዘጋ የሦስት አባላት ቁጠባ ከመዝገቡ ላይ ጎደለ። እነሱ ግን ከፍለናል፣ የባንክ ደረሰኙንም ፎቶ አንስተን ወደ ቡድናችን ልከናል አሉ። ስልካችንን ከፍተን ብንፈልግ ፎቶው የለም። ለካ ከመካከላችን አንዷ ለጥንቃቄ ብላ መልእክቶቹ በሳምንታቸው እንዲጠፉ አድርጋ ኖሯል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። ሆኖም የባንኩን ዝርዝር አስወጥተን እስክናመሳክር ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጎሪጥ ተያየን።

ከዚያ በኋላ "እነዚህን ምስጢር ጠባቂ መተግበሪያዎች ብንተዋቸውስ?" የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። እኛ በዚህ አንስማማም። ማን ስንት እንደቆጠበች፣ ማን ለምን እንደተበደረች ከአባላት ውጭ ማንም ሊያውቅ አይገባም። ሲግናልና ዋትስአፕ መልእክቱን በላኪዋ ስልክ ላይ ይቆልፉታል፤ የሚከፈተውም በተቀባይዋ ስልክ ላይ ብቻ ነው። መሐል ያለው ድርጅት ራሱ ሊያነበው አይችልም። ብዙዎቻችን የለመድነው ቴሌግራም ግን እንዲህ የሚቆልፈው የሁለት ሰዎችን ምስጢራዊ ውይይት ብቻ ነው፤ የቡድን መልእክትን አይጨምርም። ስለዚህ ከመተው ይልቅ እንዲሻሻሉ መጠየቅ ይሻላል። ሦስት ሐሳብ ይዘናል።

አንደኛ፣ የሚጠፋውና የሚቆየው ይለይ። ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ እንደ ሰላምታ በሳምንቱ መጥፋት የለባቸውም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሚጠፉ መልእክቶች መካከል አንዱን ለይቶ ማቆየት ፈቅዷል፤ ላኪዋ ካልፈለገች መከልከል ትችላለች። ሌሎቹም ይህን ይከተሉ። በቡድን ውስጥ የማጥፊያውን ጊዜ መቀየርም ከመነሻው ለአስተዳዳሪዋ ብቻ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ ስልክ ሲጠፋ መዝገብ አብሮ አይጥፋ። ሲግናል በአንድሮይድ ስልክ ላይ ለሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ 30 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ቁልፉ ከጠፋ ድርጅቱም ሊከፍትልን አይችልም። ታዲያ 30 ቁጥር የት ይቀመጣል? ወረቀት ላይ ቢጻፍ ወረቀቱ ይጠፋል፤ በቃል ቢያዝ ይረሳል። የእኛ የገንዘብ ሣጥን ግን ሦስት ቁልፍ በሦስት እህቶች እጅ ስላለው አንዷ ብቻዋን አትከፍተውም። አዲ ሻሚር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ምስጢርን ለብዙ ሰዎች ከፋፍሎ የተወሰኑት ሲሰበሰቡ ብቻ የሚገለጥበትን የሒሳብ ዘዴ አሳይቷል። እንግዲህ የመጠባበቂያው ቁልፍም ለአምስት እህቶች ተከፋፍሎ ሦስቱ ሲስማሙ እንዲከፍት ይደረግ። አንዷ ስልኳን ብትጥል ወይም ብትታመም ሥራው አይቆምም።

ሦስተኛ፣ ስልክን በጋራ የሚጠቀም ቤተሰብ ይታሰብ። መንገዱን ሁሉ ተቆልፎ የመጣ መልእክት ቤት ሲደርስ በስልኩ ፊት ላይ ይነበባል። ልጅ ጨዋታ ሲጫወት "ብድርሽ ጸድቋል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። መደበቂያው አለ፤ ነገር ግን ውስጥ ገብተን ፈልገን ካላገኘነው አይሠራም። መተግበሪያው ገና ሲጫን በቀላል አማርኛ "ይህን ስልክ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?" ብሎ ይጠይቀን። አዎ ካልን ጽሑፉን ራሱ ይደብቅልን።

እነዚህን ሐሳቦች ከተስማማችሁባቸው በማኅበሩ ስም ጽፈን ለአዘጋጆቹ እንልካለን። ሲግናልን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ የሚኖረውም በልገሳ ስለሆነ የተጠቃሚው ድምፅ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

መልስ እስኪመጣ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከዚህ ወር ጀምሮ ማንኛውም ደረሰኝ በተላከ በሦስት ቀን ውስጥ በወረቀት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ላኪዋም የተመዘገበበትን ቁጥር ትቀበላለች። ቁጥሩ ካልደረሳት ዝም አትበል፤ ትጠይቀን።

በመጨረሻም፣ ከፍለው ሳለ የተጠረጠሩትን ሦስት እህቶቻችንን እዚሁ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። የጠፋው ፎቶ ነበር፤ የጎዳናቸው ግን እኛ ነን።