ለብቻው ጠይቁት



አቃቂ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ይነፋ ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ ይወጣል፤ የጠዋቱ ይገባል። የሰፈራችን ሱቅ የሚሞላው ያኔ ነበር። ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር። አብዛኛው በዱቤ። ደሞዝ እስኪወጣ።

የዱቤ ደብተሩ ከባንኮኒው ሥር ነበር። ጠርዙ ዘይት የጠጣ፣ እርሳሱ በክር የታሰረ። ባለሱቁ የማን ቤት ስንት እንዳለበት ያውቃል። የማን አባት ከሥራ እንደቀረ ያውቃል። ሰው ፊት ግን የማንንም ዕዳ አይጠራም።

ቸር ነበር እያልኩ አይደለም። ሚዛን ላይ ድርቅ ያለ ሰው ነው፤ ምራቂ ከእሱ አይጠበቅም! ገንዘቡንም አይተውም። ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን ለብቻ ነው። ተልኬ ስሄድ ሱቁ ሰው ከሞላው፣ ዝም ብሎ ይሰጠኛል። ሰው ሲወጣለት ጎንበስ ይልና «እናትህን ሰላም በላት» ይለኛል። እናቴ ይገባታል። ጎረቤት አይሰማም፤ እኔም ብሆን ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ እናንተም የምትጠይቁት ሰው ይኖራል። ብር ያበደራችሁት ጓደኛ። ሥራ ያዘገየ ባልደረባ። ኪራይ ያሳለፈ ተከራይ። ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው። ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይሁን። ልጆቹ ፊት አይሁን። ስብሰባ መሀል አይሁን። ገለል አድርጋችሁ ጠይቁት። በስልክ ከሆነም፣ መጀመሪያ «ለማውራት ይመችሃል?» በሉት።