ኦርኪድ ተቀጥላ አይደለም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ነጋዴ በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ነጭ አበባ በጆንያ ለቅመን እንድናመጣለት መጠየቁ ሲነገር ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ገንዘቡ የማያስፈልጋት ከመካከላችን የለችም፤ እኔም ያስፈልገኛል። ነገር ግን እጃችንን አውጥተን ከመወሰናችን በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ ተነሥቻለሁ።

ይህ አበባ ከኦርኪድ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤራንጊስ ሉቲዮአልባ ይባላል። ከካሜሩን እስከ ኬንያና ታንዛንያ ባለው ምድር፣ በእኛም አገር ይበቅላል። ትንሽ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ከስንዝር አያልፍም። አበቦቹ በአንድ ቀጭን ዘንግ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ነጭ ሆነው መሐላቸው እንደ በርበሬ ቀይ ነው።

ሰው ሁሉ ተቀጥላ ይለዋል። እኔም ቡናዬን የሚመጥብኝ መስሎኝ ለዓመታት በገጀራ ስፍቀው ኖሬአለሁ። እውነተኛው ተቀጥላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰድዶ ውሃና ምግብ ይወስዳል። ኦርኪድ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ ምንም አይወስድም። ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል፤ ምግቡን በገዛ ቅጠሉ ይሠራል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በዘመድ ቤት ተጠግቼ፣ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ራሴን ሳስተዳድር፣ «ተቀጥላ» ስባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የዚህን አበባ ነገር በተረዳሁ ቀን ገጀራዬን አስቀመጥሁ።

አበቃቀሉን ያወቅሁት በጥፋቴ ነው። መጀመሪያ ሰባቱን ነቅዬ በጣሳ አፈር ተከልኳቸው። ሰባቱም በሰበሱ፤ ሥራቸው አየር ይፈልጋልና አፈር ያፍነዋል። ኋላ ግን ቡና ስንጎነድል ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ አንድ አገኘሁ። ሻካራ ቅርፊት ባለው እንጨት ላይ አስቀምጬ፣ ከአሮጌ ነጠላ በመዘዝኩት ክር ላላ አድርጌ አሰርኩት። ክሩ እስኪበሰብስ ሥሩ እንጨቱን ይይዛል።

ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሰቀል፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ውሃ የሚጠጣው በጠዋት ነው፤ ማታ ቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ውሃ ካደረ ልቡ ይበሰብሳል። የዝናብ ውሃ ይስማማዋል። መቼ እንደጠማው ሥሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። የኔው ዘንድሮ አብቧል፤ እነሆ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፣ ተቀባበሉት።

አሁን ወደ ጆንያው ነገር ልመለስ። ይህ ተክል እንደ እንሰት ጉንቁል አውጥቶ በቶሎ አይባዛም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ ያልያዘ ነው፤ በዱር የሚበቅለው የሚመግበው ሻጋታ ሲያገኝ ብቻ ነው። በሰው እጅ ከዘር የሚራባው በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጆንያ ካወጣነው ልጆቻችን አያዩትም፤ ነጋዴውም የሚቀጥለውን ዓመት እዚህ አይጠብቅም። በዚያ ላይ ኦርኪድ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተፈረመው በሳይተስ ስምምነት የተከለከለ ነው። የተያዘ ቀን የሚጠራው የለቃሚዎቹ ስም ነው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለነጋዴው እምቢ እንበል። ሁለተኛ፣ ቡና በምንጎነድልበት ጊዜ ከሚወድቀው ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ብቻ እናንሣ፤ ያ ካልተነሣ ከማገዶው ጋር ይነዳል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ በጓሯችን እንስቀል። በዓመቱ ስንቱ እንደዳነ ቆጥረን፣ እንግዳ እየከፈለ የሚያየው ጓሮ ይወጣን እንደሆነ ያኔ እንመካከር። ብዙ ገንዘብ ይገኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን የማናፍርበት ይሆናል።