ቁልፉን ከመስጠታችን በፊት
(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጋራዥ ነው። ሚኒባሳችን በርበሬና ሽሯችንን ወደ ባዛር የምታደርስ የጋራ ንብረታችን ናት። አንድ ቀን ስትቆም መኪና እንከራያለን፤ ኪራዩም የሚወጣው አባላት ከሚካፈሉት ትርፍ ላይ ነው።

መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ንሯል። ይህ መካኒኮችንም አስጨንቋል። ዋጋ ጨመረ ብለን ብቻ ሰውን ሌባ አንለውም። የምንጠይቀው የተጨመረው ለምን እንደሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት ፍሪሲዮን ለማስቀየር በ26,000 ብር ተስማማን። ልንወስዳት ስንሄድ 41,000 ብር ተጠየቅን። ከጭማሪው 4,000 ብሩ ቮላኖው ቶርኖ ቤት የተላጨበት፣ 11,000 ብሩ ደግሞ ሳናዝዝ የተቀየረ ራዲያተር ነው። «ሙሉው ካልተከፈለ አትወጣም» አሉን። አንዷን እህታችንንም «ባለቤትሽን ጥሪና ከእሱ ጋር እንነጋገር» አሏት።

አልተጯጯህንም። የተፈራረምንበትን ወረቀት አወጣን። «ሌላ ሥራ ቢገኝ ሳይደወልልን አይሠራ» ይላል። የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝ አሳዩን፤ የተቦረቦረ ቮላኖ ላይ አዲስ ፍሪሲዮን ቢታሰር ቶሎ ስለሚበላ ያንን ተቀበልን። አሮጌውን ራዲያተር አስመጥተን ውኃ ሲሞላበት ግን አላፈሰሰም። ባለጋራዡ የሚያከብራቸው አንድ ሽማግሌ ገቡበት፤ አሮጌው ራዲያተር ተመልሶ ታሰረ። 30,000 ብር ከፍለን በስድስተኛው ቀን መኪናችንን አወጣን። የስድስት ቀኑ የመኪና ኪራይ ግን ከእኛው ወጣ።

እህቶች፣ የቤት መኪና ወይም ታክሲ ያላችሁም ይህን ያዙ፦

የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን ያገለገለ ይገለጽ። ዋጋውን ለማመሳከር ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የነዳጁን መጠን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ቀብድ ስትሰጡ በባንክ ይሁን፤ ማስረጃው በእጃችሁ ይቀራል።

የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተረከቡ። ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ነድታችሁ ሞክሩት።

ካልተግባባችሁ የምታምኑበትንና የማታምኑበትን ሒሳብ ለይታችሁ ጻፉ። ያመናችሁበትን ለመክፈል ዝግጁ መሆናችሁን አሳዩ። መካኒኩም ከእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ነውና ላቡን አናስቀርበት።

ለግል ወይም ለቤተሰብ አገልግሎት ለሚገዛ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ አገልግሎቱ በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደረሰኝ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሚኒባሳችን የጥገና መዝገብ ከነደረሰኙ በጽሕፈት ቤታችን ተቀምጧል፤ አባልም ሆነ ለጋሽ መጥቶ ማየት ይችላል። ወደ ጋራዥ የምትሄድ እህት ካለች ደግሞ ለብቻዋ አትሂድ፤ ትንገረን፣ ሁለት ሆነን እንሄዳለን።