«ጆርጅ» የተባለው የሎንዶን መሸታ ቤትና ሕንፃው



ስለ መሸታ ቤት ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ዛሬ የማወሳው ግን ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ ሕንፃው ነው። ቤቱ «ጆርጅ» ይባላል፤ የሚገኘውም ከሎንዶን ድልድይ በስተ ደቡብ፣ ሰዘርክ በተባለው ሠፈር ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ከደቡብ መጥቶ ወደ ከተማይቱ ለሚገባ መንገደኛ በአካባቢው የነበረው ድልድይ ይኸው አንዱ ብቻ ስለ ነበረ፣ በመንገዱ ዳር ብዙ የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተው ነበር። በ1676 የተነሣው እሳት ሠፈሩን አብዛኛውን አቃጠለው። «ጆርጅ»ም በማግሥቱ ዓመት፣ በ1677፣ እንደገና ታነጸ።

አሠራሩ ከሥራው የመነጨ ነው። ሠረገላው ከአውራ ጎዳናው በጠባብ በር አልፎ ወደ ግቢው ይገባል፤ ግቢውንም ሕንፃው ይከበዋል። ምድር ቤቱ መብልና መጠጥ የሚቀርብበት ነው። የመኝታ ክፍሎቹ በደርብ ሲሆኑ፣ በራቸው የሚከፈተው ወደ ቤት ውስጥ ሳይሆን በእንጨት ዓምድ ወደ ቆመው፣ ግቢውን ቍልቍል ወደሚያየው ረዥም ሰገነት ነው። በዚህም የውስጥ መተላለፊያ የሚወስደው ስፍራ ተረፈ፤ ባለቤቱም የሚወጣውንና የሚገባውን ሁሉ ባንድ ዓይን ለማየት ቻለ። በእንግሊዝ አገር ክረምት ሌሊት ከክፍሉ መውጣት የነበረበት እንግዳ ግን ይህን ብልሃት ማመስገኑን እጠራጠራለሁ! በ16ኛው ምዕተ ዓመትም እንዲህ ባሉ ግቢዎች ቴአትር ይታይ ነበር፤ ተመልካቹም ከፊሉ ከታች ቆሞ፣ ከፊሉ ከሰገነት ሆኖ ይመለከት ነበር።

በ1836 የምድር ባቡር ጣቢያ በአጠገቡ ተከፈተ፤ የሠረገላውም ዘመን እያበቃ ሄደ። ባለቅኔው ቾሰር የተሳላሚዎቹን ጕዞ ያስጀመረበት ጎረቤቱ «ታባርድ» በ1870ዎቹ ፈርሶ ጠፋ። «ጆርጅ»ንም የያዘው የምድር ባቡር ኩባንያ በ1889 ሁለቱን ወገን አፈረሰ። ትእዛዙን የሰጡት ሹማምንት ጥፋት እንሠራለን ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ የሚያስፈልጋቸው ለሥራቸው የሚሆን ስፍራ ነበርና። ይሁን እንጂ ባለሰገነት ከነበሩት የሎንዶን የሠረገላ ማረፊያዎች ሁሉ ዛሬ የቀረው ያ ሳይፈርስ የተረፈው የደቡቡ ወገን ብቻ ነው።

በ1937 ቤቱ ታሪካዊ ስፍራዎችን ለሚጠብቀው ለናሽናል ትረስት ተላለፈ። ማኅበሩም ቤተ መዘክር አላደረገውም፤ ዛሬም ቢራ ይሸጥበታል። እንግዳው በግቢው ተቀምጦ ቀና ሲል የእንጨቱን ሰገነት ያያል፤ በጀርባው በኩል ግን ሁለቱ ወገኖች የሉም።