ፊደልን በአፍ ማወቅና በእጅ መጻፍ



ሕፃን ልጃችሁ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ሳይሳሳት ሲቆጥር ደስ ይላችኋል፤ ደስታችሁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊደልን በአፍ ማወቅና በእጅ መጻፍ የተለያዩ ናቸው። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቆጥር ነበር እንጂ አይጽፍም ነበር። ጽሕፈት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ለሚሠሩ ጸሐፍት የተተወ ሙያ ስለ ነበረ፣ ዳዊት እየደገመ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ብዙ ነበር።

አሁን ነገሩን በመተማ ቆላ፣ በኮኪት እንመልከተው። ኮኪት ከጎንደር ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ይገናኛል። ወላጆቹን ተከትሎ ወደ እርሻ የወረደ ልጅ ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል፤ እርሱም ይቸኩላል፣ መምህሩም ያስቸኩለዋል። ያልጠነከረ ጣት እርሳስ ጨብጦ ሲጣደፍ የያዘው ክፉ ልማድ ግን በኋላ በቀላሉ አይለቅም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። የቆላው ጥቁር አፈር በውሃ ሲለወስ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ልጁ ጭቃውን እያድቦለቦለ «በ»ን ይሥራ፤ ጣቱ ይጠነክራል፣ ዓይኑም ቅርጹን ይይዛል። ቀጥሎ በአሸዋ ላይ በጣቱ፣ ከዚያም በሰሌዳ ላይ በጠመኔ፣ በመጨረሻ በደብተር ላይ በእርሳስ ይጻፍ። በጠረፉ ገበያ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዐረብኛ ስለሚያይ፣ የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው።

የ231 ፊደል ብዛትም አያስፈራው። «ቡ» በቀኝ ወገቡ፣ «ቢ» በቀኝ እግሩ ሥር ጭረት እንዳላቸው፣ «ቤ» ደግሞ በእግሩ ቀለበት እንዳለው አሳዩት፤ «ሉ፣ ሊ፣ ሌ»ን ራሱ ያገኛቸዋል። ደንብ የማይጠብቁትን፣ በተለይም ሳድሱን፣ ለየብቻ ይለማመድ።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ማመልከቻውን በሌላ ሰው እጅ አስጽፎ በአውራ ጣቱ የሚፈርም ባለጉዳይ በጠረጴዛችሁ ፊት ቆሞ አይታችኋል። ጉዳዩን ሌላ ሰው እንደ ጻፈለት እንጂ እርሱ እንዳሰበው ማቅረብ አልቻለም። ልጃችሁ ነገ በገዛ እጁ ጽፎ በገዛ ቃሉ እንዲናገር የምትሹ ከሆነ፣ ዛሬ ጭቃ ሲነካ አትቆጡት፤ እርሳስ ሲይዝም አታጣድፉት።