በክረምት ደጅ ስለሚያድር መኪና ቀለም አጠባበቅ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ፥ መኪና እያለው የመኪና ቤት የሌለውን ሰው የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በደመወዙ የሚተዳደር ሠራተኛ፥ አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ግቢ ወይም በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር እንደ መሆኑ መጠን፥ መኪናውን የሚያሳድረው ጣራ በሌለው ቦታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች የበጋው ፀሐይ ቀለምን ያደበዝዛል። ሰኔ ግም ሲል ደግሞ ያው መኪና ዝናቡን፥ በረዶውን፥ ጭቃውንና የዛፉን ርጋፊ ተሸክሞ እስከ መስከረም ይከርማል። በዓመት ከሚዘንብልን ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናብ እጅግ የሚበዛው የሚወርደው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከጉዳት እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «ቀለም የመኪና ጌጥ ነው፤ ጌጡ ቢበላሽ ሞተሩን ምን ይጎዳዋል?» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ብረት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ብረት ውሃና አየር ባንድነት ካገኙት መዛጉ አይቀርም። ዝገት ደግሞ ከተነሣበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፥ ከሥር እያበጠ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በበሩ ግርጌና በፓራፋንጎው ጠርዝ እንደ ፈንጣጣ ጉብ ጉብ ብሎ የሚታየው ይኸው ነው። ጉብታው ለዓይን በታየ ጊዜ ዝገቱ ከሥር ሲሠራ ሰንብቷል ማለት ነው። እንግዲህ ቀለም ለብረቱ ቆዳው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገሩ ከኪስም ጋር የተያያዘ ነው። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ማለት የብዙ ዓመት ቁጠባ፥ የዕቁብ ገንዘብ፥ አንዳንድ ጊዜም ገና ተከፍሎ ያላለቀ ብድር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና «በሌላ እለውጠዋለሁ» ብሎ ችላ ማለት ለብዙው ሰው የሚቻል አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱበት፥ የታመመ ወደ ሐኪም የሚወሰድበት፥ ክፉ ቀን ሲመጣም ተሸጦ ችግር የሚያቃልል ጥሪት እርሱ ነው። ገዢ ደግሞ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በላሜራው ላይ ነው፤ ስቱኮ ተለጥፎበት እንደ ሆነም በጣቱ እያንኳኳ ይመረምራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና የገዙም ቢሆኑ የሞተሩ ዓይነት ተለወጠ እንጂ የቀለሙ ነገር ያው መሆኑን አይርሱ።

የቀለሙን ውፍረት ያወቀ ሰው መጠንቀቁ አይቀርም። በፋብሪካ የተቀባ የዛሬ ዘመን መኪና ባብዛኛው አራት ቅብ አለው። ከብረቱ ጋር የሚያያዘው ዝገት ከልካዩ ነው፤ በላዩ ማስተካከያው ይቀባል፤ ከዚያ ቀለሙ ራሱ ይከተላል፤ በመጨረሻም እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ቅብ ይመጣል። አራቱ ተደምረው ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ ይኸውም የሁለት የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። የላይኛው ጥርት ያለው ቅብ ከተፋቀ የሥረኛው ቀለም ይደበዝዛል፤ አራቱም ከተበሱ ውሃው ከብረቱ ይደርሳል።

እንግዲህ ሥራው መጀመር ያለበት በግንቦት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል። በመጀመሪያ መኪናውን በሚገባ ካጠቡ በኋላ በቀን ብርሃን ዙሪያውን ይመርምሩት። ጠጠር ፈንጥቆ የነቀለው፥ በር ሲከፈት ግድግዳ የላጠው ቦታ ቢገኝ፥ ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድተውና በደንብ አድርቀው በቀለም ይድፈኑት። የቀለሙ መለያ ቁጥር በብዙ መኪናዎች በበሩ መቃን ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ሳሕን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጥፍር ያህል የምታክለውን ጭረት በግንቦት መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያችው ጭረት ክረምቱን ሁሉ ውሃ ስትጠጣ ከርማ ለጋራዥ ከቀረበች ግን በሩን በሙሉ ማስቀባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ ሰም መቀባት ነው። ሰሙ የሚቀባው በታጠበና በደረቀ መኪና ላይ፥ በጥላ ሥር፥ እጅግ በስሱ ሆኖ፥ ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል አለበት። ደኅና ሰም ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ሊያገለግል ስለሚችል፥ በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ፥ በነሐሴ መግቢያ ፀሐይ በወጣች ቀን ሁለተኛ ጊዜ ቢቀባ ክረምቱን ያሻግራል። ሰሙ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ። ውሃው በኮፈኑ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተንጣሎ ከተኛ ግን አልቋል።

ስለ ማቆሚያ ቦታም ማሰብ ይገባል። የዛፍ ጥላ በበጋ በጎ ቢሆንም በክረምት እንደዚያ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረጥቦ በቀለሙ ላይ ሲሰነብት እድፍ ያወጣል፤ የጽድ ሙጫ ይጣበቃል፤ ነፋስ የሰበረው ቅርንጫፍም ላሜራውን ይሰረጉዳል። በዛገ ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ማቆምም እንዲሁ መልካም አይደለም፤ ዝገት የቀላቀለው ጠፈጠፍ ካንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ይወድቃልና። ከሁለቱም ፈቀቅ ያለ፥ ውሃ የማይቋጥር፥ ጠጠር ወይም ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ ቢገኝ ይመረጣል። ረዥም ሣርና ጭቃ ባለበት የሚያድር መኪና ከሥሩ እንደ ረጠበ ይከርማል።

ብዙ ሰው መኪናውን የሚወድ መስሎት በላስቲክ ጠቅልሎት ያድራል። ላስቲክ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ቢከለክልም ከታች የሚነሣውን እንፋሎት አስወጥቶ አይሰድም። ስለዚህ እርጥበቱ በቀለሙና በላስቲኩ መካከል ታፍኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ነፋሱ ሽፋኑን እያራገበ በሥሩ ያለውን አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ሽፋን መግዛት የሚችል ሰው አየር የሚያሳልፍና ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ይምረጥ፤ የሚያለብሰውም መኪናው ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ብቻ ይሁን። ይህ ካልተቻለ ግን ሰም የተቀባውን መኪና ገላውን ትቶ ማሳደር በላስቲክ ከማፈን ይሻላል።

«ነገ ይዘንብበታል» በማለት ክረምቱን ሁሉ መኪና ሳያጥቡ መክረምም የተለመደ ነው። ዝናብ ግን ጣራውን ቢያጥብ በጎማው ዙሪያ የተጋገረውን ጭቃ አያነሣም። ያ ጭቃ እርጥበት ይዞ የሚቆይ ነው፤ ዝገትም አስቀድሞ የሚጀምረው በዚያ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ የጎማውን ጉድጓድና የመኪናውን ሥር በውሃ ግፊት ማጠብ ያስፈልጋል። ላቫጆ ወስደው ቢያሳጥቡም ከሥር እንዲያጥቡት ማሳሰብ አይርሱ። ላዩን ሲያጥቡ ከጣራ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ አንዱ ለሳሙናው፥ ሁለተኛው ስፖንጁን ለማለቅለቂያ ይሁን። መሬት የወደቀ ስፖንጅ ጠጠር ስለሚይዝ ወደ ቀለሙ አይመለስ። የልብስ ኦሞም ሰሙን ስለሚያስለቅቅ ለመኪና ተብሎ በተሠራው ሳሙና መታጠቡ ይበልጣል። ለማብለጭለጭ ብሎ በናፍጣ መወልወልም ጥቂት ሰዓት ያምራል እንጂ አቧራ ይሰበስባል፤ የበሩንና የመስተዋቱንም ጎማ ይጎዳል።

እዚህ ላይ የግቢያችንን ዘበኛ ሳናነሣ አናልፍም። በብዙ ግቢ ዘበኛው ማለዳ ተነሥቶ፥ ጌታው ደስ እንዲለው ብሎ፥ አቧራና ጭቃ የጠጣውን መኪና በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል። ልቡ በጎ ነው፤ ጨርቁ ግን በየማለዳው ቀለሙን ይፍቃል። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ጭረት ባብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ «ጋሼ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ አስቀድመው ውሃ ያፍስሱበት» ብሎ በትሕትና ማስረዳት ይገባል እንጂ ሰውየውን መቆጣት አይገባም።

ወፍ የጣለበት ኩስ አሲድነት ስላለው ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን ይበላል። ስለዚህ ቅዳሜ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጣል ያድርጉበትና ሲለሰልስ ሳይፈትጉ ያንሡት።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የውሃ መውረጃ ነው። ከፊተኛው መስተዋት ግርጌና ከበሮቹ ሥር ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠልና ጭቃ ሲደፍናቸው ውሃው በውስጥ ይታቆርና ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን በእጅ ለቅሞ ቀዳዳውን በቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ መክፈት በቂ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ከሥር ያስመርምረው። በዚያ አገር መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ዝገትን ስለሚያፋጥን፥ የተጀመረ ዝገት ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

በመጨረሻም፥ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለግል ንብረት ብቻ የሚደረግ እንዳይሆን አደራ እንላለን። በመሥሪያ ቤት ግቢ ቆመው የሚከርሙት የመንግሥት መኪናዎች በሕዝብ ገንዘብ የተገዙ ናቸው። ለራሱ መኪና ሰም የሚቀባ ሠራተኛ፥ በኃላፊነት የተረከበው መኪና ጭቃ እንደ ለበሰ ሲያየው ዝም ብሎ ማለፍ አይገባውም። ባልዲ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም፤ የሚያስፈልገው «ይህ የእኔም ነው» የሚል ሰው ነው።

ክቡር አድማጭ ሆይ! ክረምቱ የበረከት ይሁንልዎ። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ በደኅና ይቆዩ።